አራት ሊትር ቤንዚን ለወልድያ መንገድ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለካሳው እና ለባለቤቱ ለእናትነሽ፤

አምላክ ጤናውን ያብዛላችሁ፤ ቤታችሁ ሙሉ፣ ደጃችሁ ሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ረገብ ብሏል፤ መኪና የምንሸጥበት ግቢም ገበያው ደርቷል።

ቀይዋ መኪና ከጅቡቲ ወጥታ በሚሌ በኩል ቆቦ መግባቷን ስሰማ ጮቤ ረገጥኩ። ካሳው፣ እንዲህ ያለች መኪና በራያ ሜዳ ታይታ አታውቅም። ትንሽ ናት፣ ሁለት በር ናት፣ ጎማዋ ሰፊ ነው፣ እግርህ ገና ሲነካት ትወነጨፋለች። ወጣት ሀብታሞች ለስፖርት የሚነዷት ዓይነት ናት። አንተ ግን ለሙሽራና ለኮንትራት ብቻ አሠራት። ከምታስገባው ላይ የቤቴ መሠረት ይውጣ።

አንድ ነገር ልብ በል። አብሯት በመጣው መጽሐፍ ላይ በአንድ ሊትር ቤንዚን አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፏል። ከቆቦ ወልድያ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሊትር ከትንሽ ነገር ይበቃታል ማለት ነው። የነዳጁን ወጪ በዚህ ልክ ያዘው።

እናትነሽ፣ ካሳው ብዕር ሲይዝ እንደሚያልበው አውቃለሁ። መልሱን አንቺው ጻፊልኝ።

በደህና ያገናኘን።
መሳፍንት


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድማችን ለጋሽ መሳፍንት፤

በሰው አገር ያሉትን የሚጠብቅ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ሰምሮ አጨዳ ላይ ነው። እኔም በምሠራበት ጤና ጣቢያ የወባው ሰሞን አልፎልኝ ትንሽ ተንፍሻለሁ።

መኪናዋ ስትገባ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ካሳው ጧት እሷን ሳያጥብ ቁርስ አይቀምስም። ከአላማጣ እስከ ወልድያ ሙሽራ ያለበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው።

ስለ ነዳጁ ግን እሱ ያለውን እንዳለ ልጻፍልዎ። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ያለውን አላደረገችልኝም። በደህና ቀን ዘጠኝ ትሄዳለች፤ ሲብስባት ስምንት። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ከሁለተኛ ማርሽ የማልወጣበት ቦታ ብዙ ነው። ሙሽሮቹ ሙቀቱን አይችሉትም፤ ኤሲ ይከፈታል። ሚዜዎቹ ፎቶ ተነስተው እስኪጨርሱ ሞተር አይጠፋም። አቧራው የአየር ማጣሪያዋን ይደፍናል። መብረር የለመደች መኪና ናት፤ አዝግሚ ስትባል ትጠጣለች።»

«ስለ በሽተኛ ነው እንዴ የምታወራው?» ብዬ ሳቅሁበት። «በሽተኛስ ብትሆን ላንቺ አመጣት ነበር» አለኝ።

ቢቻል ማጣሪያና ካንዴላ ይላኩልን ብሏል። የእጅዎን ሥራ ይባርክልዎ።

እህትዎ እናትነሽ


ሻርጃ፣ የካቲት 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእናትነሽ እና ለካሳው፤

ጾሙን በሰላም ያስጀምራችሁ። ማጣሪያውንና ካንዴላውን ወደ ወልድያ ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ።

ስለ ነዳጁ የጻፋችሁትን ደጋግሜ አነበብኩት። የእሷ መንትያ እዚህ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ራሴ አውጥቼ ነዳኋት፤ አሥራ ስድስቱን ቁልጭ አድርጋ ሄደችልኝ። አስፋልት አስፋልት ነው፣ ኮረኮንች ኮረኮንች ነው፤ ይገባኛል። ግን መኪና በግማሽ አይለያይም። ግማሹ ቤንዚን የት ነው የሚገባው? ካሳው፣ ወንድሜ ስለሆንክ ሌላ ቃል አልጠቀምም።

ለአጎታችን ለአቶ ተዋቸው ጽፌለታለሁ። በሚካኤል ማኅበር ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት ነገሩን እንዲያየው ጠይቄዋለሁ። ንጹሕ ሰው በዘመድ ፊት መቆም አይከብደውም።

ሰላማችሁ ይብዛ።
መሳፍንት


ቆቦ፣ ግንቦት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መሳፍንት፤

ከሩቅም ሆነው ያሰቡን አምላክ ያስብዎ። መልሱ የዘገየው ካሳው አትጻፊ ስላለኝ ነው። አሁን ግን ጻፊ አለኝ።

ያዘዙት ተፈጽሟል። ማዕዱ ቀርቦ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ አቶ ተዋቸው ደብዳቤዎን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡት። ከዚያ «ካሳው፣ ቤንዚኑን ለማን ነው የምትሸጠው?» አሉት።

ካሳው ተነሳ። «አጎቴ፣ ነገ ከጎኔ ይቀመጡና ወልድያ ድረስ አብረውኝ ይሂዱ። ሲቀዳም ሲያልቅም በዓይንዎ ይዩት» አላቸው።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቤንዚን ልለካ? ወንድምህ ዋሸ ነው የምትለኝ?»

«ዋሸ አላልኩም። መጽሐፉ የኛን መንገድ አያውቀውም ነው የምለው።»

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ካሳው ማዕዱን ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገበያ መሐል ሲያልፍ «ካሳው፣ እስቲ አንድ ሊትር ሽጥልን!» የሚሉት አሉ። ሰምቶ መንገዱን ይቀጥላል። ቤት ሲገባም ከእኔ ጋር እንደ ድሮው አያወራም።

አሁን አንድ ዘዴ ይዟል። ኤሲውን ዘግቶታል። ከወልድያ ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን ሞተሩን እያጠፋ ከማርሽ አውጥቶ በፍሪ ይለቃታል። «አሥራ ሁለት ደርሳልኛለች፤ ይህን ለጋሼ ጻፊለት» ብሎኛል። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ እንደሚደነድን፣ መሪውም እንደሚከብድ ግን ራሱ ሲናገር ሰምቼ ፈርቻለሁ። እርስዎ የመኪና ሰው ነዎት። ይህ ነገር ደግ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ይንገሩን። ተው ቢሉት ይተዋል፤ እኔን አይሰማኝም።

እህትዎ እናትነሽ


ሻርጃ፣ ሰኔ 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለካሳው እና ለእናትነሽ፤

እንኳን ለዚህ ክረምት አደረሳችሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ይኸው! ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። ካሳው ጎበዝ! አሥራ ሁለት ከደረስክ አሥራ ስድስትም ትደርሳለህ፤ በርታ። እናትነሽ፣ አትፍሪ። ቁልቁለት በፍሪ መልቀቅ ሹፌር የሆነ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጠንቀቅ ማለት ብቻ ነው። ለአጎቴ ተዋቸውም ካሳው ታርሟል ብዬ እጽፍለታለሁ።

ሁሌም የምወዳችሁ
መሳፍንት


ቆቦ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለጋሽ መሳፍንት፤

ካሳው የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ከወልድያ ሲመለስ ከጎብዬ በላይ ባለው ቁልቁለት መኪናዋ ተገልብጣበት አረፈ። ብቻውን ነበር። ቀብሩ በማግሥቱ ቆቦ ተፈጸመ።

የሰኔው ደብዳቤዎ ከዚያ በፊት ደርሶን ነበር። እኔው አነበብኩለት። «ጎበዝ» ያሉትን ሁለቴ አስነበበኝ።

እናትነሽ


ሻርጃ፣ መስከረም 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእናትነሽ፤

ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ላንቺም ብርታቱን ይስጥሽ። ወንድሜን አጣሁ። ሀዘኑ የጋራችን ነው።

ሰው አይቀርም፤ የቀረውን ማሰብ ደግሞ ግድ ነው። መኪናዋ አሁን የት ናት? ሞተሯ ተነክቷል ወይ? ኮፈኑን አስከፍተሽ ራዲያተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደሆነ አሳይልኝ። ዘይት ፈሶ ከሆነ ማንም እንዳያስነሳት፤ ሞተሩ ነክሶ ይበላሻል። ጎማዎቹን ሰው እንዳይፈታቸው፤ እዚያ አገር የማይገኙ ናቸው። ሬዲዮውን አውጥተሽ ቤት አስገቢው። መቀመጫዎቹ ዝናብ እንዳይነካቸው በሸራ ይሸፈኑ። የፊት መብራቶቹ ከተሰበሩ ዓይነታቸውን ጽፈሽ ላኪልኝ። መልስሽን በቶሎ እጠብቃለሁ።

በርቺ።
መሳፍንት


ቆቦ፣ ሰኔ 5 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መሳፍንት፤

ፈጣሪ ያሰቡትን ይሙላልዎ። ያን ያህል ወራት ዝም በማለቴ አይቀየሙኝ፤ ከዘመድም ጋር አልተገናኘሁም ነበር።

መኪናዋ ቆቦ ጋሹ ጋራዥ ናት። ጋሹ የካሳው ጓደኛ ነው፤ እጁም ጥሩ ነው። ሞተሯ ምንም አልሆነም። የፊት መስታወት፣ የቀኝ መብራት እና አዲስ የፍሬን ሸራ ከላኩ ትነሳለች ብሎኛል። የነዳጅ ጌጁ ግን ከአደጋው ወዲህ አይሠራም፤ መርፌው ባዶ ላይ ተኝቶ ቀርቷል።

የካሳው እጅ ያረፈባት መኪና ናትና ቆማ ስትዝግ ማየት አልፈልግም። ሌላ የምጠይቅዎ የለም።

እናትነሽ


ሻርጃ፣ ጥር 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእናትነሽ፤

ለጥምቀቱ እንኳን አደረሰሽ። ዕቃው ደርሶሽ መኪናዋ መነሳቷን ሰማሁ። አንቺን የመሰለ ሰው ዘመዴ በመሆኑ ኮርቻለሁ። ሌላ ሴት ብትሆን ፊቷን ታዞርብኝ ነበር።

አሁን የምሥራች አለኝ። ላገባ ነው። ሩት ትባላለች፤ ወልድያ አስተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሠርጉ በዳግማ ትንሣኤ ይሆናል። ሙሽራዬን በገዛ መኪናዬ፣ ራሴ እየነዳሁ ነው የማመጣት። ቀለሟ እንዲታደስ፣ ኤሲውም እንዲሠራ አደራ። ሚዜዎቼ ሙሉ ልብስ ለብሰው በራያ ሙቀት እንዲቀቀሉ አልፈልግም።

የምደርሰው በዋዜማው ስለሆነ ሁሉንም አንቺ አሰናድተሽ ጠብቂኝ። ነዳጁንም አደራ፤ እንደ በፊቱ እንዳይሆን።

መሳፍንት


ቆቦ፣ የካቲት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ መሳፍንት፤

ጋብቻዎን ይባርክልዎ። መኪናዋ ተቀብታ አዲስ መስላለች። ኤሲው ይሠራል። ፍሬኑም ተፈትሿል።

ነዳጁን በተመለከተ ሐሳብ አይግባዎ። እርስዎ በጻፉት ልክ እቀዳለሁ። እኔም ከአቶ ተዋቸውና ከማኅበሩ ሰዎች ጋር በሚኒባስ ከኋላዎ እከተላለሁ።

እናትነሽ


ሻርጃ፣ ሰኔ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእናትነሽ፤

በሰላምታ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። በሠርጌ ቀን ያደረግሽኝን ጠላት አያደርገውም።

ጧት ቁልፉን ስትሰጪኝ «ነዳጁስ?» አልኩሽ። «እርስዎ ባሉት ልክ ቀድቻለሁ» አልሽኝ። እኔም አመስግኜሽ ተነሳሁ። ሮቢትን አለፍን። ጎብዬ ላይ ሕዝቡ እልል አለልን። ኤሲው እየነፈሰ፣ ሚዜዎቼ እያጨበጨቡ ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ አንዴ ተንገጫገጨች፤ ቀጥላም ጠፋች። አበባዬን ደረቴ ላይ እንደሰካሁ ወርጄ ኮፈን ከፈትኩ። እጄ ዘይት ሆነ። ሚኒባሱ መጥቶ ከኋላችን ቆመ። አጎቴ ተዋቸው ወርዶ «ምን ሆነች?» ሲል፣ አንቺ ከኋላው ወርደሽ «ምንም አልሆነች፤ ቤንዚን ጨርሳ ነው» አልሽ።

«እንዴት ትጨርሳለች? ስንት ነው የቀዳሽው?» አልኩሽ።

«አራት ሊትር። አንተ ለወልድያ ሦስት ከትንሽ ነገር ይበቃል ብለህ ጽፈሃል። እኔ ለሠርግህ ብዬ ጨመርኩልህ።»

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት?»

«ሌባውን ነው የምፈልገው። ቤንዚኑን መንገድ ላይ ማን ሸጠው? ሚዜዎችህ ናቸው? አንተ ነህ? ወይስ ካሳው ከመቃብሩ ተነስቶ ነው?»

እንዲህ አልሽኝ፤ አንተ ብለሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ኩርባ በጣትሽ እያሳየሽ «እዚያ ነው የሞተው። አደገኛ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅህ ‹አትፍሪ› ብለህ የጻፍክልኝ ሰው አንተ ነህ» አልሽ። አጎቴ ተዋቸው በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሚዜዎቼ እንኳ ዓይኔን ማየት ፈሩ። ልመታሽ እጄን ሳነሳ የያዘኝ የገዛ ሚዜዬ ነው። ሙሽራዬ ቤት በሚኒባስ፣ በዘይት እጄ፣ ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር።

ያም ሆኖ ሠርጉ ተፈጸመ፤ ረሳሁት ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁን የሩት ወረቀት አልቆ፣ ቤቱ ተከራይቶ ስጠብቃት አልመጣም አለች። አንቺ ቤት መጥታ እንደነበር ሰምቻለሁ። ምን አልሻት? ሰው ብልክባት አታናግርም፤ አባቷም ዝም ብሎኛል።

እናትነሽ፣ እኔም ሰው ነኝ። የሆነው ሆኗል። መኪናዋን ውሰጃት፤ ያንቺ ትሁን። ሩትን ግን አናግሪልኝ። አንቺ ሂጂ ካልሻት ትመጣለች። እለምንሻለሁ።

መሳፍንት


ቆቦ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

መሳፍንት፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንድ በአንድ እመልስልሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ስለማልጽፍልህ።

ካሳው በሞተ በሦስተኛው ወር ጋሹ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ። መኪናዋን ሲያነሷት ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ተጠምዝዞ፣ ማርሹም ፍሪ ላይ ሆኖ አገኛቸው። ይህን ከመናገሩ በፊት ሁለቴ ተነስቶ ሊሄድ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ያን ቀን፣ አገር ስትገባ አንተን እዚያ ዳገት ላይ ለማቆም ወሰንኩ። መስታወቱን የለመንኩህ፣ ቀለሙን ያሳደስኩት፣ ጋብቻህን ይባርክልህ ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ፊቷን አላዞረችብኝም ብለህ ኮርተህብኝ ነበር። ፊቴን ወዳንተ ያደረግሁት እንዳታመልጠኝ ነው።

የሠርግህ ለት ማለዳ ከጋሹ ጋር ታንከሩን አደረቅነው። አራቱን ሊትር በእጄ ለክቼ ቀዳሁት። ጋሹ «ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑ ቢያልቅባትስ?» ብሎ ፈርቶ ነበር። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። ካሳው በየማታው እራት ላይ የነገረኝ የዚያችን መኪና ጉሮሮ ነው፤ ሜዳውን ጨርሳ ዳገቱ ላይ እንደምትሞት አውቄ ነው። ፍሬኑንም ደጋግሜ ያስፈተሽኩት ለዚህ ነው። ሰው እንዲሞት አልፈለግሁም። እኔና አንተ የምንለየው እዚህ ላይ ነው።

አጎትህ አቶ ተዋቸው በቀጣዩ ሚካኤል በማኅበሩ ፊት ቆመው «ካሳው ሌባ አልነበረም፤ ሌባ ያልነው እኛ ነን» አሉ። ጎንበስ ብለው እግሬን ሊስሙ ሲሉ አነሳኋቸው። ሽማግሌ ናቸው። ይቅር ብያለሁ ግን አላልኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ሩት የመጣችው ብቻዋን ነው። ምንም አልሰበክኋትም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ «እትዬ፣ ባልሽ ሲሞት ምን ብሎ ጻፈልሽ?» አለችኝ። ስለ ነፍሱ ሁለት መስመር፣ ስለ ሞተሩ አንድ ገጽ ብዬ ነገርኳት። «ስለ ጎማዎቹም?» አለች። «ስለ ጎማዎቹም» አልኳት። ከዚያ «እኔም እዚያ በሰው አገር አንድ ቀን ብወድቅ ስለ እኔ ሁለት መስመር ይጽፋል ማለት ነው» ብላ ተነሳች። እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋት።

አናግሪልኝ ትላለህ። አንድ ቃል ብናገር ሩት እንደምትሄድ እኔም አውቃለሁ። ልጅቷ ልቧ ገር ነው፤ ስሸኛትም አንገቴን አቅፋ እህቴ ነሽ ብላኛለች። ያን ቃል አልናገረውም። እኔ ስለ ካሳው አንድ ቃል ለምኜህ ነበር። ተው በለው ብዬህ ነበር። ሁለት ፊደል ነበረች።

መኪናዋን ውሰጃት ብለሃል። አልፈልጋትም። ጋሹ ጋራዥ በር ላይ ቆማለች። የሚገዛት የመጣ እንደሆነ በሊትር ስንት ትሄዳለች ብሎ ይጠይቃል። ጋሹ «ስምንት» ይለዋል። እስካሁን የተከራከረው ሰው የለም።

ሰው ሁሉ «አሁንስ ልብሽ አረፈ?» ይለኛል። አላረፈም። የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ያው ባዶ ነው፤ ያወራሁትን የሚመልስልኝ የለም። ይህን የምጽፍልህ ግን ተጸጽታለች ብለህ እንድትጽናና አይደለም። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ አንተም አበባህን ደረትህ ላይ ሰክተህ ቁልፉን ስጪኝ ብትለኝ፣ ዛሬም አራት ሊትር ነው የምቀዳልህ።

እናትነሽ
የካሳው ባለቤት